አሳሪው ያልታሰረበት ሰንሰለት፦ ስለ አእምሮ ሕሙማን ፈቃድና ስለ ሕጋችን

(በደብረ ማርቆስ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለዳኞች፣ ለካህናትና ለአስታማሚ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ዳኞችና ዓቃብያነ ሕግ፣ እንደምን አደራችሁ።

ጉዳዩን ከአንድ ሆስፒታል በር ላይ ልጀምረው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ሳለ፣ የአባቴን ታናሽ ወንድም ከጮቄ ግርጌ ካለች መንደር ይዘነው መጣን። አራት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም ነበር፤ በሦስተኛው ሌሊት የገዛ ገብሱን ክምር በእሳት ለኩሶ፣ ሊያጠፉ የመጡትን ጎረቤቶች በመጥረቢያ አባሯቸዋል። ሁለት እጁን በአክስቴ ነጠላ አስረን፣ በሚኒባስ የኋላ ወንበር በሁለት ጎረምሶች መካከል አስቀምጠን አመጣነው። ከበሩ ስንደርስ ወገቡን ቀና አድርጎ፣ አገር በሚሰማው ድምፅ «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ልቀቁኝ!» አለ። ዘበኛው ሳቀ። ካርድ ለማውጣት የተሰለፉትም ሳቁ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኀፍረቴን ለመሸፈን ፈገግ አልሁ።

ይህ ቃል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ዱላ ያነሣ፣ የሰው ከብት የሚነዳ፣ ድንበር የሚገፋ ሰው በሕግ አምላክ ከተባለ ይቆማል፤ ካልቆመ ነውሩ የእርሱ ነው። ቃሉን ሕፃን ይበለው፣ አላፊ አግዳሚ ይበለው፣ ክብደቱ አይለወጥም። ያን ቀን ግን ከአጎቴ አፍ ስለወጣ ብቻ ቀለለ። ሕግ ተማርሁ የምለው እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ነገሩ የሕግ ጥያቄ መሆኑ እንኳ አልታየኝም።

ከውስጥ አንድ ወረቀት ተሰጠኝ። «አስታማሚው ማን ነው?» ተባለ፤ እኔ ነኝ አልሁ፤ በገዛ እስክሪብቶዬ፣ ቆሜ፣ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ፈረምሁ። ወረቀቱን ለአጎቴ ያነበበለት የለም፤ እኔም ራሴ አላነበብሁትም። ሕክምናው ረዳው፤ ከአራት ወር በኋላ እርሻው ላይ ነበር። ለገና በዓል ስሄድ ከምድጃው ዳር ቁጭ ብለን ሳለን፣ ሳይቆጣ፣ «ያን ወረቀት የፈረምኸው አንተ ነህ አሉ?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አያ፣ አልሁት። «መሬቴን ሳትጠይቀኝ ብታከራይብኝ ኖሮ ወረዳ ፍርድ ቤት እገትርህ ነበር። ሰውነቴን ስታስረክብ ግን ማን ጠየቀህ?»

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው ብትሉት አትሳሳቱም።

አባቶቻችን ቁራኛ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወይም በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ከዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የዛሬ ሰው ሲሰማው ያስቀዋል፤ እኔም ይመለስ እያልሁ አይደለም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ብልሃት ነበረበት፦ አሳሪውም ታስሯል። የሌላውን ሰው እጅ የያዘ ሰው የራሱም እጅ ስለተያዘ እርሻው እየጠበቀው፣ ከብቱ እየጮኸበት፣ ዛሬ ነገ ሳይል ወደ ዳኛ ይሮጣል። የአእምሮ ሕሙማን እስራት ግን፣ በሆስፒታልም ይሁን በቤት ጓዳ ወይም በጸበል ቦታ፣ አሳሪው ያልታሰረበት ነው። ስለዚህም የሚሮጥ የለም። አንዳንዱ ለሳምንት ተብሎ የታሰረ ሰው ዓመት የሚቆየው ቤተሰቡ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያስቸኩለው ሰዓትና «እስከ መቼ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ነው።

አሁን ሕጋችን ምን እንደሚል እንመልከት፤ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ይናገራል፣ ከሚያስፈልገን በታች ደግሞ ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራ ወይም ሕክምና እንዳይደረግለት በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለዚህ መብት ሁለት ገደቦችን ያስቀምጣል። አንደኛው እንደ ክትባት ያለ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ የታዘዘ ነገር ነው። ሁለተኛው አሳዳሪ፣ ማለትም በሕግ ኃላፊነት የተሰጠው ጠባቂ፣ በሥልጣኑ ሥር ያለውን ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ወይም በፍርድ የተከለከለ ሰው ለጤናው በሚጠቅም ሁኔታ ማሳከም መቻሉ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። «በፍርድ የተከለከለ» ማለት ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶ የወሰነበት ሰው ማለት ነው እንጂ ጎረቤት አበደ ያለው ሰው ማለት አይደለም። አጎቴ በፍርድ አልተከለከለም ነበር፤ እኔም አሳዳሪው አልነበርሁም። የወንድም ልጅ መሆኔ በዓይን የሚታይ ዝምድና ነበር፤ በሕግ ፊት ግን ፊርማዬ የአላፊ አግዳሚ ፊርማ ነበር። በየሆስፒታሉ መዝገብ ቤት እንደ እኔ ያለ ስንት ፊርማ እንዳለ እናንተው ገምቱት።

ያው ሕግ ትንሽ ገፋ ብሎ ሌላ ነገር ይላል። በአንቀጽ 341 በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው፣ እዚያ እስካለ ድረስ፣ እብደቱ በግልጽ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል። አንቀጽ 342 ደግሞ በቀጥታ የእኛን መንደር ይመለከታል፦ የነዋሪው ቁጥር ከ2,000 በታች በሆነ ቦታ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በአእምሮው ሁኔታ የተነሣ በዓይነ ቁራኛ የሚጠብቁትና እንዳሻው እንዳይንቀሳቀስ የከለከሉት ሰው እንደዚሁ ይቆጠራል። የሕግ አውጪው ሐሳብ ክፉ አልነበረም፤ ሰውየው በዚያ ጊዜ የገባውን ውል በኋላ ለማፍረስ እንዲችል፣ ንብረቱን ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን ማስረጃው ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ማስረጃው መታሰሩ ነው። ሐኪም አይቶት እንደሆነ፣ ዳኛ ሰምቶት እንደሆነ አይጠይቅም። ወረዳ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት በወንድማማቾች የመሬት ክርክር ውስጥ ይህ ነገር ምን ያህል ምቹ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አይቻለሁ፤ ዝርዝሩን ግን እተወዋለሁ።

ወደ ሕገ መንግሥቱ እንሂድ። አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንደማያጣ ይናገራል፤ አንቀጽ 19 በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። እንግዲህ በግ የሰረቀ ሰው 48 ሰዓት አለው። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ወንጀል የፈጸመና ፍርድ ቤት ወደ ሕክምና የላከው ሰውም ቢሆን ውሳኔው በየ2 ዓመቱ እንደገና እንዲታይለት የወንጀል ሕጉ ያዛል፤ ሁለት ዓመት ረጅም ነው፣ ቢሆንም ቁጥር አለው። ምንም ያላጠፋ፣ ታሞ ብቻ ያለፈቃዱ የተያዘ ሰው ግን ቁጥር የለውም። ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና አዋጅ እስካሁን ስላላወጣን፣ ማን እንደሚይዘው፣ ለስንት ቀን እንደሚይዘው፣ ለማን አቤት እንደሚል የሚናገር ሥርዓት የለንም። ስትራቴጂዎችና መመሪያዎች ተዘጋጅተዋል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299ም ስለ ታካሚ ፈቃድ ደንግጓል። ነገር ግን ፈቃድ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ላይ ስላለ የአእምሮ ሕመምተኛ የሚነሣው ጥያቄ በጠቅላላ ድንጋጌ የሚመለስ አይደለም፤ ስትራቴጂም ቢሆን ዳኛ ፊት ይዘውት የሚቀርቡት ሕግ አይደለም።

ይህ ክፍተት የሚጎዳው ሕመምተኛውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኩለ ሌሊት ሦስት ሰው ይዞ የሚታገለውን ሰው መርፌ የምትወጋ ነርስ በየትኛው ሕግ ነው የምትወጋው? ነገ ብትከሰስ «ልማዱ ነው» ከማለት በቀር በእጇ ምን አላት? የወንጀል ሕጉ ሰውን ያለ ሕግ መያዝን ይቀጣል፤ ያለ ጥርጥር በቅን ልቦና የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ከዚህ አንቀጽ ጋር በአንድ ክፍል ማደር አይገባውም።

ስለ ፈቃድ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥጋ እዚህ ነውና። የእኛ ገበሬ ፊርማ ቀላል ነገር ነው ብሎ አያውቅም። መሬት ሊያከራይ ሲሄድ ውሉን ሁለት ጊዜ ያስነብባል፤ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ይላል፤ ምስክሮቹን ይመርጣል፤ ከልጁ ጋር ይመክራል፤ ከዚያ በኋላ ነው አውራ ጣቱን ቀለም የሚያስነክረው። ይኸው ሰው ሆስፒታል ሲገባ ወረቀቱን ሳይሰማ አሻራውን ያኖራል። አለማወቁ አይደለም፤ እዚያ «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚፈቀድ መስሎ ስለማይታየው ነው። በአእምሮ ሕክምና ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አሻራው እንኳ የራሱ አይሆንም።

ፈቃድ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ በመድኃኒቱ ልንገራችሁ። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ያልተስማማው ሰው ነገ ሊያቆመው፣ ሐኪሙን ሊያማክር ይችላል። በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ግን ከተወጋ በኋላ ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ «አልተስማማኝም» ቢል መልሶ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ የመርፌው ፈቃድ ከኪኒኑ ፈቃድ የበለጠ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም አንድ መስመር ናቸው። ሃሎፔሪዶል የተሰጠው ሰው መንጋጋው ሊቆለፍ፣ አንገቱ ሊጠመዘዝ እንደሚችልና ለዚያም መድኃኒት እንዳለው አስቀድሞ ቢነገረው አይደነግጥም ነበር፤ ስላልተነገረው ግን «ሊገድሉኝ ነው» ብሎ ያመለጠና ዳግም ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ቫልፕሮኤት የምትወስድ ወጣት ሴት ብታረግዝ መድኃኒቱ ፅንሱን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል ካልተነገራት ፈቅዳ ወሰደች ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞም የአእምሮ ሕመም እንደ ደመና የሚመጣና የሚሄድ ነው። ዛሬ ጧት ያልገባው ሰው ከነገ ወዲያ ሊገባው ይችላል፤ ስለ አንዱ ነገር መወሰን ያልቻለ ሰው ስለ ሌላው ሊወስን ይችላል። አጎቴ እሳት በለኮሰባት በዚያች ሳምንት ውስጥ ላሟ መቼ እንደምትወልድ ቀኑን ሳይስት ይናገር ነበር። «አብዷል» የሚለው አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይጠቀልለዋል፤ ሕጋችንም እስካሁን የጠቀለለውን አልፈታውም።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የአገራችን ሕግ አካል ነው። ስምምነቱ የአእምሮ ሕመም ያለበትንም ሰው ያቅፋል፤ ሕክምና በነጻና በመረዳት በተሰጠ ፈቃድ እንዲሆን ይጠይቃል፤ አካል ጉዳተኝነት ብቻውን ነጻነትን ለመንፈግ ምክንያት እንዳይሆን ይከለክላል። የስምምነቱ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማብራሪያ ከዚህም አልፎ፣ በሰው ፋንታ መወሰን ቀርቶ ሰውየው ራሱ እንዲወስን መደገፍ እንዲተካ ጠይቋል። እኔ ከኮሚቴው ጋር እስከ መንገዱ መጨረሻ አልሄድም። ገመድ አንገቱ ላይ ያስገባን ልጅ «ፈቃድህ ይሁን» የምትል እናት ጎጃም ውስጥ አላገኝም፣ እንድትኖርም አልመኝም። ነገር ግን ያለፈቃድ መያዝ ከነጭራሹ አይኑር በማለትና ያለ ሰዓት፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ምክንያት ይኑር በማለት መካከል ሰፊ ሜዳ አለ።

ስለ ጸበል ሳልናገር ባልፍ አባቶች ይታዘቡኛል። እኔም ጊሼ ዓባይ ወርጄ የተጠመቅሁ ሰው ነኝ፤ በእምነት የሚመጣ መጽናናት ሕክምና የማይሰጠው ነገር እንዳለው አውቃለሁ። የማነሣው የሰንሰለቱን ነገር ብቻ ነው። በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ውስጥ ኤርዋዲ በምትባል የእምነት ፈውስ ቦታ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1993 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ሕሙማን በሰንሰለት ታስረው በተኙበት የሣር ዳስ እሳት ተነሥቶ 28 ሰዎች ሞቱ። መሮጥ አልቻሉም ነበር። ያ አደጋ የእኛ አይደለም፤ ዳሱና ሰንሰለቱ ግን እንግዳ አይሆኑብንም። ተጠምቆ የሚመለስ ሰው በራሱ ፈቃድ ሊጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ሳይነጠቅ ሊውጥ ይገባዋል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በጊዜያቸው ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲሄዱ ሲናገሩ ለዚህም ጉዳይ በር የከፈቱ ይመስለኛል።

ሕንድ ከዚያ አደጋ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ባወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ ሰንሰለትን ከለከለች፤ ያለ ማደንዘዣና ያለ ጡንቻ ማላሊያ መድኃኒት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናንም ከለከለች፤ ሰው በደህናው ጊዜ ስለ ወደፊት ሕክምናው የሚጽፈውን ቃልና የሚመርጠውን ወኪል በሕግ አጸናች። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ ያለፈቃድ ሆስፒታል ማስተኛት በሁለት ሐኪሞች ቃልና በከንቲባው ትእዛዝ እንዲሆን፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ እንዲደርስና ካልታደሰ በ7 ቀን እንዲያበቃ አደረገች። ደቡብ አፍሪካም በ2002 እ.ኤ.አ. ሕጓ ይግባኝ የሚሰሙ ገምጋሚ ቦርዶችን አቋቋመች።

ሆኖም እነዚህን እንዳሉ ገልብጠን ብናመጣቸው ዓባይን ሳይሻገሩ ይቀራሉ። ሁለት የሳይካትሪ ሐኪሞች ይፈርሙ የሚል አዋጅ ብናወጣ፣ በየወረዳችን አንድ እንኳ በማይገኝበት አገር፣ ወይ ማንም አይታከምም ወይ ማንም ሕጉን አያከብርም። ነገሩን ለማየት ቋንቋችን ይበቃል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች፤ የአካባቢዋ የማቻክል ወረዳ ሰው «አማኑኤል ልሄድ ነው» ሲል ገበያ መሄዱ ነው። ሌላው ግን «አማኑኤል ሄደ» ሲባል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለውን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረውን ማለቱ ነውና። ያ ርቀት ዛሬ በሆስፒታሎቻችን በተከፈቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አጥሯል፤ መንገድ ሲዘጋ ግን፣ ባለፉት ዓመታት እንዳየነው፣ እንደገና ይረዝማል።

በየወረዳው ያለን የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ የምመኘው አዋጅ በእርሱ ላይ ይቆማል። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የደረሰ ሰው በአንድ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ሐኪምም ይሁን የሳይካትሪ ነርስ፣ በጽሑፍ በተሰጠ ምክንያት ይያዝ። ሰዓቱ ከዚያች ደቂቃ ይቆጠር። በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ይስማው፤ ሲሰማውም መዝገቡን ብቻ አይይ፣ ሰውየውን በዓይኑ ይየው፣ ካልተቻለ ወደ አልጋው ይሂድ። ዳኛው ቢያጸናውም ቀኑ በቁጥር ይጻፍ፤ ያ ቀን ሲደርስ ይያዝልኝ የሚለው ወገን እንደገና ያስረዳ፣ ካላስረዳ ሰውየው ይፈታ። ቁራኛ ያልሁት ይህን ነው። ሸክሙ በያዘው ላይ ይሁን።

የወረዳ ዳኞች ሥራ በዛብን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ አሁንም ገና ሳልጨርስ ጭንቅላት ሲወዛወዝ አያለሁ። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ የሰማሁት አብዛኛው ክርክር የአንድ ክንድ ድንበር ነበር። ለአንድ ክንድ መሬት ሦስት ቀጠሮ ከሰጠን ለአንድ ሰው ሙሉ አካል ግማሽ ቀን አናጣም።

ሁለተኛው ምኞቴ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው። እኛ ኑዛዜ የምናውቅ ሕዝብ ነን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይጠይቃል፤ ሰዉም በሬው ለማን፣ ቤቱ ለማን እንደሚሆን ነፍስ አባቱን አስቀምጦ ይናገራል። ከሞተ በኋላ ስለ በሬው የተናገረው ቃል ከጸና፣ በሕይወት ሳለ፣ በደህናው ቀን፣ ስለ ገዛ አካሉ የተናገረው ቃል የማይጸናበት ምክንያት አይታየኝም። ማን ይጠራለት፣ የትኛው መድኃኒት ተስማማው፣ ምን አይደረግበት፣ ማን በስሙ ይናገርለት፤ ይህን በምስክር ፊት ቢጽፍና በካርዱ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ሐኪሙም ትቶት ሲያልፍ ምክንያቱን እንዲጽፍ ቢገደድ፣ በዚያ በር ላይ በሕግ አምላክ የሚለው ሰው ድምፁን ከወረቀቱ ላይ ያገኛል።

አጎቴ ሦስት ክረምት ቆይቶ ዳግም ታመመ። ከዚያ በፊት ግን፣ ለገና የጠየቀኝን ጥያቄ ስላልረሳሁ፣ ቃሉን ጽፌለት ነበር፤ ያው እስክሪብቶ ይሁን ሌላ አላስታውስም። ከምድጃው ዳር ሆኖ እየነገረኝ እንዲህ አስጻፈኝ፦ መጀመሪያ ጎረቤቱ መምህሩ ይጠራ፣ እርሱ ሲናገረኝ እሰማለሁ። ማሰር ግድ ከሆነ በነጠላ እንጂ በገመድ አትሰሩኝ። ያ መንጋጋዬን የቆለፈው መርፌ ይቅርብኝ፣ ማታ ማታ የሚያስተኛኝን ኪኒን ስጡኝ። በሬዎቼን ማንም አይሽጥ። አስተኝታችሁኝ ስትሄዱ የምትመለሱበትን ቀን ንገሩኝ። አራት ሰዎች ፈረሙበት፤ እርሱም አውራ ጣቱን ቀለም አስነክሮ፣ ሁለት ጊዜ ካስነበበኝ በኋላ፣ አሻራውን አኖረ።

ሆስፒታል ስንደርስ ወረቀቱን ለተረኛዋ ነርስ ሰጠኋት። ገልብጣ አየችው፤ ማኅተም የለውም አለች፤ እውነቷን ነው፣ የሚያትምበት አካል የለም። ትንሽ ቆማ አሰበችና ከመሳቢያዋ ስቴፕለር አውጥታ ከካርዱ ጀርባ ጋር አያያዘችው፣ ከዚያም ወደ አጎቴ ዞራ «አባቴ፣ የማታ ኪኒኑ ስሙ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

አመሰግናለሁ።